አባ ወደ ዋርድ ሲገቡ

የዛሬው ወጌ በተለይ የታመመ ለመጠየቅ ሆስፒታል ለሚመላለሱ የንስሐ አባቶች ነው። ሼሁም ፓስተሩም ቢያደምጡኝ ደስ ይለኛል፤ ዞሮ ዞሮ ሁሉም የሚሄዱት እዚያው ዋርድ ነው።

ሐኪሙ «ኦፕራሲዮን ያስፈልግሃል፣ እዚህ ጋ ፈርም» ሲል ታማሚው ምን ይላል? «እስቲ የነፍስ አባቴን ላማክር።» አባ መጥተው «ግባ ልጄ፣ እግዚአብሔር የሐኪሙን እጅ ይባርክ» ያሉ እንደሆነ ይፈርማል። «ይቅርብህ» ያሉ እንደሆነ ደግሞ ልብሱን በፌስታል ሸክፎ ይወጣል፤ ማንም አይመልሰውም። አባ ከስፔሻሊስቱ ይልቅ የሚታመን አንደበት ይዘው ነው የሚገቡት። መድኃኒት በሚሊግራም ይለካል፤ የአባን ቃል ግን የሚለካላቸው የለም። ራሳቸው ይለኩት ነው የምለው።

በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ያየሁትን ላጫውታችሁ። አንዲት እናት ለኦፕራሲዮን ወረፋ ይዘው ወራት ጠብቀዋል። ማታ ነርሷ «እማማ፣ ከእንግዲህ ምንም እንዳይቀምሱ፣ ነገ ጠዋት ይገባሉ» ብላቸዋለች። ሲነጋጋ አባ ደረሱ። ነጠላቸው የጸዳ፣ ድምፃቸው ለስለስ ያለ፣ ሰው አክባሪ አባት ናቸው። ጸሎት አደረሱ፤ በሃይላንድ ካመጡት ጠበል ቀድተው በኩባያ ሰጧቸው፤ እማማም ግጥም አድርገው ጠጡ። ልጃቸው ደግሞ በረከት እንዳያመልጣቸው ብላ አባ ካመጡት ዳቦ ቆርሳ አጎረሰቻቸው። ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያ መጥቶ «እማማ፣ ምን ቀመሱ?» አለ። እማማ መዋሸት አያውቁም። ኦፕራሲዮኑ ቀረ፤ አልጋው ለሌላ ባለተራ ተሰጠ።

ነገሩ የባለሙያው ጭካኔ አይደለም። ሰው በማደንዘዣ ሲተኛ ሆድ ውስጥ ያለ ምግብ ወደ ላይ ተመልሶ ወደ ሳምባ ሊገባ ይችላል፤ ያ ደግሞ ይገድላል። አባም ክፉ አላሰቡም። ማንም አልነገራቸውም፣ እሳቸውም አልጠየቁም። ያን ዕለት ጠበሉን እማማ ግንባር ላይ ረጭተው ቢሄዱ በረከቱ የሚጎድል አይመስለኝም።

ስለ ጾምም ላንሳ። ሁዳዴ ሲገባ ኢንሱሊን የሚወጋው የስኳር ታማሚ መድኃኒቱን ወስዶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበላ ይቆያል። ስኳሩ ይወርዳል፣ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ራሱን ይስታል። ቁስሉ እንዲጠግግ እንቁላልና ወተት የታዘዘለትም «ጾም ነው» ብሎ ሳህኑን ይገፋል። ሐኪም ቢለምነው፣ ልጆቹ ቢያለቅሱ ወይ ፍንክች። እዚህ ላይ ከአባ በቀር የሚሰማው የለም። ቤተ ክርስቲያን በሽተኛን ጹም ብላ እንደማታስገድድ አባ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። «እስክትድን ፈትቼሃለሁ፣ ብላ» የምትል አንዲት ቃል ሐኪሞቹ ሳምንት ሙሉ ያልቻሉትን ትጨርሳለች። በረመዳንም እንዲሁ ነው፤ እስልምና ለታመመ ሰው የፈቀደውን ታማሚው በራሱ ላይ ሲከለክል ሼሁ ብቅ ብለው ቢያስታውሱት ሕይወት ያተርፋሉ።

ጠበልና መድኃኒት የተጣሉ የሚመስለው ሰው ዛሬም አለ። ኤችአይቪ በተስፋፋበት ዘመን እንጦጦ ማርያም ጠበል ሊጠመቁ ከሄዱት መካከል መድኃኒታቸውን የተዉ ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. የወቅቱ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚገባ በይፋ አስተማሩ። አዲስ ትምህርት አላመጡም፤ መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብሩ የሚል ነው፤ ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበር። ከዚህ በኋላ «ክኒኑን ተወው» የሚል አባት ካለ ከየት እንዳመጣው ቢጠየቅ ፍርድ ነው።

ወደ ዋርዱ ልመለስ። ኦክስጅን የተሰካለት ታማሚ አጠገብ ጧፍ ማብራት፣ ዕጣን ማጠን አይገባም። ኦክስጅን ባለበት እሳት በቀላሉ ይነሣል፣ ለማጥፋትም ጊዜ አይሰጥም። መስቀሉም ቢሆን ከአልጋ አልጋ በከንፈር ሲሳለም ዋለ ማለት የአንዱን በሽታ ለሌላው አደረሰ ማለት ነው፤ ግንባር ላይ አሳርፎ፣ በየመሐሉ በአልኮል ጠረግ ማድረግ ነው። ቲቢ ያለበት ክፍል ሲገቡ ማስክ ማድረግም እምነት ማነስ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ንግግሩ ነው። «ልጄ፣ እስቲ ኃጢአትህን አስብ» ብሎ መጀመር ለታመመ ሰው ሌላ በሽታ ነው። ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው ማን በደለ ብለው ለጠየቁት ደቀ መዛሙርት ጌታ «እሱም ወላጆቹም አልበደሉም» ብሎ የሰጠው መልስ ዮሐንስ ምዕራፍ 9 ላይ አለ፤ አባቶች ሲያስተምሩበት ሰምቻለሁ፣ ዋርድ ውስጥ ሲገቡ ለምን እንደሚረሱት አይገባኝም። ታማሚው ራሱ ልናዘዝ ካለ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ አልጋው ከአልጋ ተጠጋግቷል፣ መጋረጃ የለም፣ የጎረቤቱ አስታማሚ ጆሮዋን አቁማለች። ነርሷን ለምኖ ባዶ ክፍል መፈለግ ወይም ዊልቸሩን ወደ ግቢው ጥላ መግፋት ነው እንጂ የሰው ምስጢር በስምንት አልጋ መሐል አይወጣም።

ቤተሰብ ኮሪደር ላይ ጠብቆ «አባ፣ ካንሰር ነው ተብለናል፤ እሱ አያውቅም፣ አደራ እንዳይነግሩብን» ይላል። በእኔ አስተያየት አባ በሽታውን መናገር የለባቸውም፤ እሱ የሐኪሙ ሥራ ነው። ግን «ምንም የለብህም፣ ሰኞ ትወጣለህ» ብለውም መዋሸት የለባቸውም። ብዙ ታማሚ ከፊታችን ላይ አንብቦ ያውቃል፤ ዝም የሚለው ለእኛ አዝኖ ነው። «ሐኪሙ ምን አለህ? እንዲያስረዳህ ልጥራልህ?» ማለት ይቻላል። ቁርጡን ያወቀ ሰው ከወንድሙ ይታረቃል፣ ለልጆቹ ይናዘዛል፤ ያን ዕድል ልንነፍገው መብት የለንም።

አንዳንዱ ደግሞ አባ ቅብዐ ቅዱስ ይዘው ሲገቡ ሲያይ «አለቀልኝ ማለት ነው?» ብሎ ይደነግጣል። ይህ ቅባት የሚቀባበት ቀንዲል የድኅነት ጸሎት መሆኑ ቀርቶ የመሰናበቻ የሆነው አባ የሚጠሩት መጨረሻ ላይ ስለሆነ ነው። ቀደም ብለው፣ ደጋግመው፣ አሥር ደቂቃም ቢሆን ብቅ ቢሉ ማንም አይደነግጥም ነበር።

ሆስፒታሎችም ከወቀሳ አያመልጡም። አባን በር ላይ ከጥበቃ ጋር ከማጨቃጨቅ ይልቅ የሚያነጋግራቸው አንድ ሰው ቢመደብ ምን ይከብዳል?

እናንተ አባቶቼ፣ ነገ የታመመ ልትጠይቁ ስትወጡ ወደ አልጋው ከመድረሳችሁ በፊት ነርሷ ዘንድ ጎራ በሉ። «ልጄ፣ መብላት መጠጣት ተፈቅዶለታል? የምጠነቀቅለት ነገር አለ?» ብላችሁ ጠይቋት። ትነግራችኋለች፤ ከዚያ ግቡና ባርኩልን።