መጀመሪያ መብራቷ ትብራ



አዘጋጆቹ «ስለ ሥራህ ጥቂት ተናገር» ሲሉኝ፣ ስላጠፋሁት ጥፋት ብናገር ይሻላል ብዬ መጣሁ።

የእኛ ባች ማይክሮኮንትሮለር የተማረው በ8051 ነው፤ ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጣው ቺፕ። መጀመሪያ ሬጅስተሮቹን በቃላችን ያዝን፤ ቀጥሎ አሴምብሊ መጣ፤ ላብ የገባነው ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሲል ነበር። አንዲት ኤልኢዲ ብልጭ ስትል እንዴት እንዳጨበጨብን ታስታውሳላችሁ አይደል?

ከተመረቅሁ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ጀማሪዎችን ሳስተምር በዚያው መንገድ ሄድኩ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ልጅ «ጋሼ፣ የሆነ ነገር የምንሠራው መቼ ነው?» አለኝ። እኔም «መታገስ ካልቻልክ ይሄ ሙያ ያንተ አይደለም» አልኩት። በሳምንቱ ቀረ። ከዚያም ተመልሶ አልመጣም።

በሚቀጥለው ዙር ነገሩን ገለበጥኩት። አርዱይኖ ኡኖ ይዤ ገባሁ። አርዱይኖ እ.ኤ.አ. በ2005 ጣሊያን፣ ኢቭሪያ ከተማ፣ በአንድ የዲዛይን ትምህርት ቤት ለተማሪዎች ተብሎ የተጀመረ ነው። በመጀመሪያው ሰዓት የሁሉም መብራት በራ። ደስ አለኝ! ቆይቶ ግን «መብራቷ እየበራች እየጠፋች፣ ቁልፉ ሲጫን ደግሞ ድምፅ ይሰማ» ስላቸው ተያዙ። «ዲሌይ» ብለው ፕሮግራሙን አንድ ሰከንድ ሲያስቆሙት፣ በዚያ መሀል ቁልፉ ተጭኖ ቢለቀቅ አያየውም። ምክንያቱ አልገባቸውም፤ ኮድ ከኢንተርኔት መገልበጥ ጀመሩ። የመጀመሪያዎቹን በድርቀት፣ እነዚህን ደግሞ በማቅለል በደልኳቸው።

አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ቀን በአርዱይኖ መብራቷን ያበራሉ። የቁልፉን ሥራ ሰጥቼ እስኪያዙ እጠብቃለሁ። ሲያዙ የቺፑን ዳታ ሺት እንከፍታለን። ቦርዱ ላይ 13 የተባለው ፒን በቺፑ በኩል የፖርት ቢ ቢት 5 ነው። ያችኑ መብራት፣ በዚያው ቦርድ፣ ሬጅስተሩ ላይ ራሳቸው ጽፈው ያበሯታል። ከዚያ ወደ ታይመር እንሻገራለን፤ ፕሮግራሙ ሳይቆም ሰዓት መቁጠር እንደሚቻል ያያሉ፤ የቁልፉም ችግር ይፈታል። ሬጅስተር ያው ሬጅስተር ነው፣ እኛ በቃላችን የያዝነው ዓይነት። አሁን ግን ጥያቄው ከተማሪው ስለመጣ መልሱ አይረሳም።

መምህሮቻችን፣ ያስጨበጣችሁንን ጥልቀት ተዉት እያልኩ አይደለም፤ እስከ ዛሬ እንጀራዬ እሱ ነው። የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ ላቡ በመጀመሪያው ሳምንት ይከፈት። ዳታ ሺቱ ከዚያ በኋላ ቢመጣ አይረፍድም።

ያንን ልጅ እስከ ዛሬ አላገኘሁትም። የጠየቀኝ ጥያቄ ትክክል ነበር። ባገኘው ይቅርታ እጠይቀዋለሁ፤ ቦርዱንም በእጁ እሰጠዋለሁ።