ስለ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴና ተማሪን ስለ መርዳት
(በሄሮን የተደረገ ንግግር)



 እኔ የመንግሥት ጸሐፊ እንጂ የንግግር ባለሙያ አይደለሁም፤ ስለዚህ ቃሌ ቢጎረብጥ በትዕግሥት እንድታልፉልኝ እለምናለሁ። ዓመታቱን ሁሉ በዚህ አገር በሚሠራበት በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ።

ይህ ሄሮን የምንለው ሰፈር ባሕር ዳር ስለ ሆነ፣ ማታ ነፋስ ለመቀበል የወጣ ሰው መርከብ ሲገባና ሲወጣ ማየቱ አይቀርም። እኔ ወደዚህ በመጣሁበት ሰሞን መርከብ ባየሁ ቁጥር የማስበው ስለ ጭነቱ ሳይሆን ስለ ተማሪዎች ነበር። የምድር ባቡሩ በ1917 አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ለትምህርት ወደ ባሕር ማዶ የተላኩት ወጣቶች አብዛኞቹ በዚህ ወደብ በኩል ተሻግረዋል። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንንም በ1924 አውሮፓን ለመጎብኘት የተሳፈሩት ከጅቡቲ ነው። ከዚያ ጉዞ ከተመለሱ በኋላ፣ በሚያዝያ ወር 1925፣ በገዛ ገንዘባቸው ያሠሩትን በስማቸው የተጠራውን ትምህርት ቤት ከፈቱ። የዛሬው ንግግሬ የዚያ ትምህርት ቤት የበላይ ኃላፊ ሆነው ስለ ተሾሙት ስለ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ነው። ንግግሬን ሰምታችሁ ስታበቁ ደግሞ አንድ ነገር እንድትወስኑልኝ እለምናችኋለሁ።

እኚህ ሰው ሌላውን ከመርዳታቸው በፊት እሳቸው ራሳቸው በሰው ገንዘብ የተማሩ ነበሩ። በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በያዘ ጊዜ፣ ዐፄ ቴዎድሮስም ራሳቸውን በሠዉበት ሰሞን፣ ወላጅ አጠገቡ የሌለ አንድ የጎንደር ሕፃን ተገኘ። ሕፃኑን ቻምበርሌን የተባለ የእንግሊዝ ጦር መኮንን ወደ ሕንድ አገር ይዞት ሄደ፤ በዚያም በሚሲዮን ትምህርት ቤት እንዲገባ ሆነ። ነገር ግን ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ ቻምበርሌን ሞተ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። አንድ ሕፃን በባዕድ አገር፣ የእናቱን ቋንቋ ረስቶ፣ የአባቱን ስም ሳያውቅ፣ የሚከፍልለት ሰው ሞተ እንበል። ከዚህ በኋላ ምን ይሆናል? በብዙ ቦታ ታሪኩ እዚህ ላይ ያበቃል። የዚህኛው ግን አላበቃም፤ ማርቲን የሚባል ሌላ መኮንን የትምህርቱን ወጪ ተረከበ። ልጁም ቻርልስ ማርቲን የሚባለውን ስም ያገኘው ከእነዚህ ከሁለቱ ሰዎች ነው። በ1882 ከላሆር የሕክምና ትምህርት ቤት ተመርቆ ወጣ፤ ከዚያም በበርማ በሐኪምነት አገለገለ።

አንዳንድ ሰው እንዲህ ይለኛል፤ «መቅደላን የዘረፈ ጦር ሕፃን አስተማረ ብለህ ልታመሰግነው ነውን?» አይደለም። ከመቅደላ የተወሰደው መጽሐፍና ንዋየ ቅድሳት ዛሬም የእንግሊዝን ቤተ መዛግብት መሙላቱን አልረሳሁም። የአንድ ልጅ የትምህርት ክፍያም ይህን አይሽረውም። የጦሩ ሥራ አንድ ነገር ነው፤ ከደመወዙ ቆርሶ የሟች ጓደኛውን አደራ የተሸከመው ሰው ሥራ ግን ሌላ ነው። እኔ የማነሣው ይህን ሁለተኛውን ነው።

ሐኪም ወርቅነህ የዐድዋን ድል በ1896 በሰሙ ጊዜ ወደ አገራቸው ለመመለስ ቆረጡ፤ በ1899ም አዲስ አበባ ገቡ። አማርኛ አያውቁም ነበር። አያታቸው በሰውነታቸው ላይ በነበረው ጠባሳ ለይተዋቸው ስማቸው ወርቅነህ መሆኑን የነገሯቸው ያን ጊዜ ነው። አንድ ሰው ዕድሜው ሠላሳ ዓመት ካለፈ በኋላ የገዛ ስሙን ሲሰማ ምን እንደሚሰማው ማን ይናገራል! ከዚያ በኋላ ወደ በርማ ተመልሰው፣ እንደገናም መጥተው፣ በመጨረሻ በ1919 ጠቅልለው አገራቸው ገቡ።

በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲሾሙ ስልሳ ዓመት ያህል ዕድሜ ነበራቸው። ሌላው ሰው ጡረታ በሚወጣበት ጊዜ እሳቸው ስለ ሕፃናት መኝታና ስለ መምህራን ጭቅጭቅ ማሰብ ጀመሩ። ተማሪዎች በአማርኛ የሚያነቡት የትምህርት መጽሐፍ እጅግ ጥቂት ስለ ነበረ፣ በልጅነታቸው ያጡትን ቋንቋ በሽምግልናቸው ይዘው የዓለም ጂኦግራፊ በአማርኛ ጽፈው በ1928 አሳተሙ። እኔ ከሥራዎቻቸው ሁሉ ይህን አንዱን አብልጬ አደንቃለሁ። ገንዘብ ያለው ሁሉ ገንዘብ ሊሰጥ ይችላል፤ ለተማሪ ብሎ ቋንቋውን እንደ ገና የሚማር ግን ጥቂት ነው።

ሌላው ሥራቸው ነጻ ለወጡ ባሮች ልጆች ያቋቋሙት ትምህርት ቤት ነው። ኢትዮጵያ በ1923 የመንግሥታት ማኅበር አባል ከሆነች በኋላ ባርነትን የሚመለከት ሕግ በ1924 ወጣ፤ ሕጉም በ1931 ጠበቀ። ነገር ግን ሕግ ሰውን ነጻ ቢያወጣው እንኳ ቤትና እንጀራ አይሰጠውም። ነጻ ነህ ተብሎ በር ላይ የቆመ ልጅ ወዴት ይሂድ? ሐኪም ወርቅነህ ለእነዚህ ልጆች ከፊደል ጋር የእጅ ሙያ የሚማሩበትን ቦታ አሰናዱ። ከመቅደላ አምባ ከወላጆቹ ተለይቶ የተነሣ ሰው፣ ወላጅ አልባ ለሆነው ምን እንደሚያስፈልገው ለማወቅ አማካሪ አላስፈለገውም።

በመካከላችን የአስተዳደር ሠራተኞች ስላላችሁ ይህንም ልጨምር። በ1930ዎቹ መጀመሪያ የጨርጨር ገዥ በሆኑ ጊዜ የተማሩ ወጣቶችን ሰብስበው ሥራ ላይ አዋሉ። ያስተማሩትን ልጅ በቢሮ ደጃፍ አቁሞ «ነገ ተመለስ» ማለት የሳቸው ጠባይ አልነበረም።

አሁን የሚከብደውን እናገራለሁ። ሐኪም ወርቅነህ ዮሴፍና ቢንያም የተባሉ ልጆቻቸውን ወደ እንግሊዝ አገር ልከው ምሕንድስና አስተምረው ነበር። ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ አባታቸው በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው ስለ አገራቸው ይከራከሩ ነበር። ልጆቻቸው ግን በአገር ቤት ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ነበሩ። በየካቲት 1937 በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በተደረገው ጭፍጨፋ ሁለቱም ተገደሉ። ያን ሰሞን በተለይ የተማረው ወጣት እየተፈለገ ተገድሏል። ልጅን ማስተማር ይህን ያህል ዋጋ አስከፍሎ ያውቃል፤ ጠላትም የትምህርትን ዋጋ ከእኛ ይልቅ አውቆት ነበር ማለት ነው። አባት ከነፃነት በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1952 በአዲስ አበባ ዐረፉ።

ስለ ራሴም ጥቂት ልናገር፤ መመጻደቅ እንዳይመስልብኝ እፈራለሁ፤ ነገር ግን ለጉዳያችን ያስፈልጋል። እኔ የተማርኩት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። ክፍያዬን የሚሸፍንልኝ በከተማችን የሚሠራ አንድ ደግ ጸሐፊ ነበር። እኔ ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ እሱ ወደ ሩቅ አውራጃ ተዛወረ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ መንገዱ ራቀ፣ ደብዳቤው ዘገየ፣ ገንዘቡም ቀረ። እኔም አንድ ዓመት ሙሉ የጎረቤት ከብት ስጠብቅ ዋልኩ። በዓመቱ አንዲት ጠላ ሻጭ እናት «ይህ ልጅ ለምን ቀረ?» ብለው ጠይቀው፣ እስክጨርስ ድረስ ከፈሉልኝ። የመጀመሪያውን ሰው እስከ ዛሬ እወደዋለሁ፤ ሰው ያደረገችኝ ግን ሁለተኛዋ እጅ ናት።

እንግዲህ የምለምናችሁ ነገር ይህ ነው። በዚህ ከተማ የትምህርት ቤት ክፍያ ያቃታቸው ሦስት ልጆች መኖራቸውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። አንዲቱ እንጀራ እየጋገሩ የሚያሳድጓት እናት ልጅ ናት፤ ስምንተኛ ክፍልን ጨርሳ ተቀምጣለች። ሁለቱ ደግሞ በወደብ ሸክም የሚሠራ አባት ልጆች ናቸው። ባለፈው ስብሰባ ከመካከላችን ሦስት ሰዎች እያንዳንዳቸው አንድ ልጅ ለመያዝ ቃል ገብተዋል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ነገር ግን ሦስቱም የመንግሥት ወይም የኩባንያ ሠራተኞች ናቸው፤ ነገ ሊዛወሩ ይችላሉ፤ ሊታመሙም ይችላሉ። እኔም ራሴ በሚመጣው ዓመት የት እንደምሆን አላውቅም።

ስለዚህ በእያንዳንዱ ልጅ ስም አጠገብ ሁለት የከፋይ ስም እንዲጻፍ አሳስባለሁ። ሁለተኛው ሰው ዛሬ ምንም አይከፍልም፤ የመጀመሪያው የተጓደለ ቀን ግን ሳይጠየቅ ይረከባል። አንዳንዶቻችሁ «ይህ በሰጪው ላይ አለመታመን ነው» ማለታችሁን ሰምቻለሁ። እኔ እንደዚያ አላየውም። ቻምበርሌን ታማኝ ሰው ነበር፤ ሞት ግን አላስፈቀደውም። ማርቲን ባይኖር ኖሮ ዛሬ የምንነጋገርበት ሐኪም አይኖርም ነበር፤ እሳቸው ያስተማሯቸውም ልጆች እንዲሁ።

መዝገቡ በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ሦስት መስመር ባዶ ተትቷል። የመጀመሪያው ክፍያ በሚመጣው ወር መግቢያ ስለሚደርስ፣ ስሙን የሚያስመዘግብ ሰው ከዚህ አዳራሽ ሳይወጣ ቢያስመዘግብ መልካም ነው፤ ጸሐፊው እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ይቆያል።