ቀረጥና ውል

እናቶችና አባቶች፣

ባለፈው ሰሞን ሒሳብ ተምረን ስንጨርስ አንድ አባት፣ «ለመሆኑ ቡናችን ባሕር ሲሻገር ይቀረጣል ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። ዛሬ መልሱን ይዤ መጥቻለሁ።

ቀረጥ ለእናንተ እንግዳ ነገር አይደለም። ዱሮ በገበያ መንገድ ላይ ኬላ ነበር። ነጋዴው ለጭነቱ ሳይከፍል አያልፍም። የከፈለውን ግን ከኪሱ አያስቀረውም፤ ወይ በዕቃው ዋጋ ላይ ይጨምረዋል፣ ወይ ከገበሬው ላይ በርካሽ ይገዛል። አገሮችም በድንበራቸውና በወደባቸው ላይ እንዲሁ ኬላ አላቸው። በዚያ የሚከፈለው የጉምሩክ ቀረጥ ይባላል። ለመንግሥት ገቢ ነው፤ ለአገሩ አምራችም አጥር ነው።

ታዲያ ሁሉም አጥሩን ከፍ ከፍ ቢያደርግ ምን ይመጣል? በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1930 አሜሪካ ቀረጧን ጨመረች። ሌሎችም አጸፋውን መለሱ። ጊዜው የኢኮኖሚ ውድቀት ስለነበረ የዓለም ንግድ ይበልጥ ተዳከመ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1947፣ 23 አገሮች ጄኔቭ ላይ ጋት የሚባለውን የቀረጥና የንግድ ስምምነት ፈረሙ። በ1995 ደግሞ የዓለም ንግድ ድርጅት ተቋቋመ።

ድርድሩ እንደ ገበያ ክርክር ነው። «የሸማዬን ቀረጥ ቀንስልኝ፤ እኔም የማረሻህን እቀንስልሃለሁ» ይባባላሉ። በመሠረቱ ለአንዱ አባል የተቀነሰው ለሌሎቹም ይቀነሳል። «ከዚህ በላይ አልቀርጥም» ብሎ ያስመዘገበ አገርም እንደ ልቡ ከፍ ማድረግ አይችልም። እንደገና መደራደርና ካሣ መስጠት አለበት።

አሁን ወደ ቡናው እንመለስ። የአውሮፓ ኅብረት በመደበኛው ታሪፉ ጥሬ ቡናን አይቀርጥም። የተቆላውን ግን ከመቶ 7.5 ይቀርጣል። መቁላት ሥራ ነው፤ ሥራ ደግሞ እንጀራ ነው። እንዲህ ያለ ቀረጥ እንጀራውን ወደ ገዢው አገር ይወስዳል። ከ2001 ጀምሮ ግን ኅብረቱ ኢትዮጵያን ለመሳሰሉ ድሃ አገሮች ከጦር መሣሪያ በቀር ቀረጡን አንሥቷል።

ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ይህ ስጦታ እንጂ ውል አይደለም። አሜሪካም በ2000 ባወጣችው ሕግ ከአፍሪካ የሚመጣ ብዙ ዕቃ ያለ ቀረጥ ታስገባ ነበር። በ2022 መግቢያ ኢትዮጵያን ከዝርዝሩ አወጣቻት። ለዚያ ገበያ ልብስ ይሰፉ ከነበሩት ወጣቶች ብዙዎቹ ሥራ አጡ። ስጦታ በሰጪው እጅ ነውና።

ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ያመለከተችው በ2003 ነው። ውል ግን ሁለቱንም ወገን ያስራል። የሚገባ ሰው የራሱንም አጥር ከፍታ ያስመዘግባል። እጅግ ዝቅ ካደረገው ገና ጀማሪው ፋብሪካው ይጎዳል። ስለዚህ ሳይመረምሩ መፈረም አይገባም።

በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እንላለን አይደል? የሚጠቅመው ግን ላነበበው ነው። እናንተም ነገ የማኅበራችሁን የቡና ሽያጭ ውል ሲያቀርቡላችሁ፣ እንደ ዱሮው በጣት አሻራ አትለፉት። ፊደል ቆጥራችኋልና መስመር በመስመር አንብቡት።