ቶማስ ያልነበረበት ምሽት



በኦሪት ሕግ ሰባት ጊዜ ሰባት ዓመት ተቈጥሮ 50ኛው ዓመት በደረሰ ጊዜ መለከት እንዲነፋ፥ ርስቱን የሸጠ ወደ ርስቱ፥ ለባርነት ያደረም ወደ ወገኑ እንዲመለስ ታዝዞ ነበር። ስለዚህ ኢዮቤልዩ የሚያከብር ደብር የቈየበትን ዘመን ከመቍጠር ጋራ፥ ከመካከሉ ማን እንደ ጐደለ መጠየቅ ይገባዋል።

ከሐዋርያትም መካከል አንድ ሰው የጐደለበት ምሽት ነበረ። በትንሣኤ ቀን ደቀ መዛሙርቱ ደጁን ዘግተው ሳሉ ጌታ በመካከላቸው ቆመ፤ ዲዲሞስ የተባለው ቶማስ ግን አልነበረም። ወዴት ሄዶ እንደ ነበረ ወንጌላዊው ዮሐንስ አልጻፈም። ጠባዩን ግን አስቀድሞ አስታውቋል፤ ጌታ ስለ አልዓዛር ወደ ይሁዳ ሊመለስ በወደደ ጊዜ፥ ሌሎቹ በድንጋይ መወገርን ሲፈሩ፥ ሄደው ከእርሱ ጋራ እንዲሞቱ ባልንጀሮቹን የመከረ ይኸው ቶማስ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ጌታው በመስቀል ቢሞት ልቡ ቢሰበር ምን ያስደንቃል? ሰው ግን ጥርጥሩን እንደ ስም አወጣለት፤ የድፍረቱን ቀን የሚያነሣለት ጥቂት ነው።

አሥሩ ጌታን ማየታቸውን ለራሱ ለቶማስ ነገሩት። እርሱም የችንካሩን ምልክት ሳያይ፥ ጎኑን ሳይዳስስ እንደማያምን ቍርጡን ተናገረ። ነገር ግን ከስምንት ቀን በኋላ ደጁ እንደ ገና ተዘግቶ ሳለ፥ ቶማስ ከውስጥ ነበረ። ሳያምን ከሚያምኑት ጋራ ተቀመጠ፤ እነርሱም ምስክርነታችንን አቃለልህ ብለው እንዳስወጡት አልተጻፈም። አሥሩ ደስ ብሎአቸው አንዱ አዝኖ በአንድ ቤት መቀመጥ ለሁለቱም ወገን ቀላል አይደለም።

ጌታ ለኤማሁስ መንገደኞች እንደ ተገለጠ ለቶማስም በመንገድ ሊገለጥለት ይችል ነበር። እርሱ ግን በወንድሞቹ መካከል ሳለ መጣ፤ አስቀድሞ ለሁሉም ሰላምን ሰጠ፤ ከዚያም እጁንና ጎኑን ለቶማስ አቀረበለት። ቶማስም ጌትነቱንና አምላክነቱን መሰከረ። ቤተ ክርስቲያን ይህን ታሪክ በዳግም ትንሣኤ ታነበዋለች፤ ከፋሲካ በኋላ ያለውንም ማክሰኞ በስሙ ቶማስ ብላ ሰይማዋለች። ጥርጥሩን አልሸሸገችበትም።

ዛሬም ሰው ልጁ ቢሞትበት፥ ጸሎቱ ቢደርቅበት፥ ያው ኃጢአት ደጋግሞ ቢጥለው፥ መጀመሪያ የሚያደርገው መራቅ ነው። ቅዳሴውን ያስታጕላል፤ ቀጥሎ የሰንበቴውን ተራ ለሌላ ይሰጣል፤ በመጨረሻም የንስሐ አባቱን በሩቅ ባየ ጊዜ መንገድ ይለውጣል። ልቤ ሲጸዳ እመለሳለሁ ይላል። ይህ ግን ከዳንሁ በኋላ ጠበል እጠመቃለሁ እንደ ማለት ነው። ለመቍረብስ ንስሐና ዝግጅት ያሻል፤ ይህ የታወቀ ነው። ቆሞ ለማስቀደስ፥ ወንጌል ለመስማት፥ በደጀ ሰላም ከወንድሞች ጋራ ቍራሽ ለመካፈል ግን የታወከ ልብም ይገባል።

ስለ ቀረው ሰው እርስ በርስ መነጋገር ቀላል ነው፤ ወደ ቤቱ መሄድ ግን ያደክማል። በዚህ በዓል ከጽዋው ማኅበር ስፍራው ባዶ የሆነ ሰው ቢኖር፥ ሳይመሽ አንድ ካህንና አንድ ጎረቤት ወደ ደጁ ይሂዱ። ለክርክር አይሁን፤ ጠበል ጸዲቁን ይዘው ደኅንነቱን ይጠይቁት፥ የፊታችን እሑድ ቅዳሴ የሚገባበትንም ሰዓት ይንገሩት።