ዱቄት በሱቅ፣ ዱቄት በቤት

አንደኛ አቅራቢ፦ በኢሉባቦር፣ በመቱ፣ በጎሬና በያዮ ከተሞች የስንዴ ዱቄት በኪሎ ተመዝኖ ቢገዛም፣ ለድፎ ዳቦ ሲቦካ ግን በብርጭቆና በጣሳ ስለሚሰፈር፣ ሚዛኑ ከሱቁ ደጃፍ አያልፍም።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ጉዳቱም ቀላል አይደለም፤ 240 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ኩባያ ዱቄቱ ሳይጠቀጠቅ ሲሞላ 120 ግራም ገደማ፣ ሲጠቀጠቅ ደግሞ 150 ግራም ሊይዝ ስለሚችል፣ በስምንት ኩባያ ልዩነቱ 240 ግራም ይደርሳል፤ ይህም ለስላሳውን ዳቦ ደረቅ ለማድረግ ከበቂ በላይ ነው።

አንደኛ አቅራቢ፦ በሚዛን ሲሠራ ግን፣ ጋጋሪዎች ዱቄቱን 100 አድርገው ውሃውን በእርሱ የሚያሰሉበት መቶኛ፣ ለ1 ኪሎ ዱቄት 600 ግራም ውሃ ሲገባ 60 በመቶ የሚባለው፣ ሙያን ከእናት ወደ ልጅ ሳይዛባ ያሻግራል።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ሆኖም በኢሉባቦር ረጅም ክረምት ዱቄት እርጥበት ስለሚስብ፣ ከተመዘነው ውሃ ጥቂቱን አስቀርቶ፣ ሊጡን በእጅ ዳስሶ መጨመር ያስፈልጋል።