አሰር፣ የአንጀታችን ቀለብ
ዛሬ ስለ አሰር እናወራለን። አሰር በእህል፣ በጥራጥሬና በአትክልት ውስጥ ያለ፣ ሆዳችን ሊፈጨው የማይችለው ክፍል ነው። ታዲያ ካልተፈጨ ምን ይጠቅማል? እስቲ እርሾን አስቡ። ዱቄት ሲያገኝ ሊጡን ኩፍ ያደርገዋል፤ ካላገኘ ይደክማል። በትልቁ አንጀታችን የሚኖሩት ጠቃሚ ባክቴሪያዎችም እንደዚያው ናቸው፤ ቀለባቸው አሰር ነው። አሰሩን ሲያብላሉ የሚወጣው አሲድ ደግሞ የአንጀታችንን ግድግዳ ይመግባል። የቀረው አሰር ውሃ ይዞ ሰገራን ያለሰልሳል።

እናም እባካችሁ እነዚህን ባክቴሪያዎች አታስርቧቸው! የጤፍ እንጀራ በምስር ብሉ፤ ጎመኑ፣ ንፍሮውና ቆሎውም አይቅር። ብርቱካን ሲገኝ ደግሞ ሳይጨመቅ ብሉት፤ ሲጨመቅ አብዛኛው አሰር ይቀራልና። ብቻ አሰር ላልለመደ ሆድ ቀስ በቀስ ይጨመር፤ አለዚያ ይነፋል። ውሃም በደንብ ጠጡ።