መንገዳችንና ጉልበታችን
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በተማሪዎች የጤና ክበብ ስም የተነገረ)



 የምንናገረው ከቤታችን እስከ ትምህርት ቤታችን ስላለው መንገድ ነው። «ስለ መንገድ ደግሞ ምን ይነገራል?» የሚል አይጠፋም፤ ነገር ግን መንገዱ በሰውነታችን ላይ የሚሠራው ሥራ ቀላል አለመሆኑን ስለ ተረዳን ነው።

በለንደን ከተማ ጄሪ ሞሪስ የሚባሉ ሐኪም ነበሩ። እኒህ ሰው ከባልደረቦቻቸው ጋራ የከተማይቱን የአውቶቡስ ሠራተኞች ጤንነት መርምረው ውጤቱን በ1953 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አወጡ። ሾፌሩና ቲኬት ቆራጩ የሚሠሩት በአንድ ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ነው። ሆኖም ሾፌሩ ተቀምጦ ሲውል ቆራጩ በቀን ብዙ መቶ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። የልብ ሕመም ሾፌሮቹን አብዝቶ ሲያጠቃ፥ ቆራጮቹን ግን ቢይዛቸው እንኳ ዘግይቶና ቀለል ብሎ ሆኖ ተገኘ። ምናልባት ወፍራም ሰው ሾፌርነትን ይመርጥ ይሆናል ብሎ የሚጠራጠር ቢኖር አልተሳሳተም። ሐኪሞቹም ይህንኑ ጠርጥረው የሠራተኞቹን የደንብ ልብስ የወገብ ልክ እስከ መመርመር ደርሰዋል፤ በእውነትም ሾፌሮቹ ገና ሲቀጠሩ ወገባቸው ሰፋ ያለ ነበር። ይሁን እንጂ በእግሩ እየዞረ ደብዳቤ የሚያድለው ፖስተኛም ወንበር ላይ ከሚውለው የፖስታ ቤት ጸሐፊ ይልቅ ከሕመሙ የራቀ ሆኖ ስለ ተገኘ፥ ነገሩ የወገብ ስፋት ብቻ አይደለም።

ወደ አገራችን እንመለስ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በአርሲ ልጅ ሳለ ወደ ትምህርት ቤት 10 ኪሎ ሜትር ሮጦ ሄዶ 10 ኪሎ ሜትር ሮጦ ይመለስ ነበር። ደብተሩን በብብቱ ይዞ መሮጡ በክንዱ አያያዝ ላይ እስከ ኋላ ድረስ ይታይ እንደ ነበር ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናትም 114 የብሔራዊ ቡድናችንን አትሌቶች ጠይቆ፥ የማራቶን ሯጮቹ በልጅነታቸው ከሌላው ሰው ይልቅ ራቅ ካለ ቦታ፥ ያውም አብዛኞቹ እየሮጡ፥ ይማሩ እንደ ነበር አመልክቷል። ይህን ስንል ችግርን ማመስገናችን አይደለም። ቁርስ ሳትበላ ሁለት ሰዓት ተጉዛ ክፍል ውስጥ የምታንቀላፋ የገጠር እኅታችን የምትፈልገው ቅርብ ትምህርት ቤት እንጂ ሜዳሊያ አይደለም።

የእኛ ነገር ግን የተገላቢጦሽ ሆነ። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አካባቢ ሲፈርስ በእግራቸው ይመጡ የነበሩ ጓደኞቻችን ወደ ከተማው ዳርቻ ሄዱ። ሌሎቻችንም ከዚያ በፊት ወደ ሩቅ ኮንዶሚንየም ገብተናል። አሁን ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነሥተን ለታክሲ እንሰለፋለን፤ ተጨናንቀን እንመጣለን፤ ስድስት ክፍለ ጊዜ እንቀመጣለን፤ ተጨናንቀን እንመለሳለን። ቤት ስንደርስ መሽቷል፤ እናቶቻችንም ከደጅ እንዳንወጣ ይከለክሉናል፥ እውነትም አላቸው። በስፖርት ቀን ሁልጊዜ አንደኛ ይወጣ የነበረ ጓደኛችን ዘንድሮ ሁለተኛው ዙር ላይ ቆሞ ጉልበቱን ሲይዝ አይተን አዘንን። ልጁ ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ የተለወጠው ሰፈሩ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላለ ልጅ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ሰውነትን የሚያተጋ እንቅስቃሴ ያዛል። ይህን 60 ደቂቃ ከየት እናምጣው? ወላጆቻችንን የምንለምነው፥ መንገዱ ደኅና በሆነበትና በነጋበት ሰዓት አንድ ፌርማታ ቀድመን ወርደን በእግራችን እንድንጨርስ ይፍቀዱልን። መምህራኖቻችንን የምንለምነው ደግሞ፥ ፈተና ሲቃረብ የሰውነት ማጎልመሻው ክፍለ ጊዜ ለሒሳብ እንዳይወሰድብን ነው። የሒሳብ መምህራችን ሲስቁ እናያለን፤ ይቅርታ እንጠይቃለን፥ ልመናችንን ግን አንተውም።

ሜዳውም አለ። ዛሬ የእንግዶች መኪና ቆሞበታል፤ በዓል ነውና አናማርርም። ሰኞ ጠዋት ግን ባዶ ሆኖ እንዲጠብቀን ክቡር ዲሬክተራችንን በትሕትና እንለምናለን።